ቀይ ክር የታሰረባት መጥበሻ

እናቴ ዓሣ ጠብሳ ነው ያሳደገችን። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ፣ በቆርቆሮ በተከለለች አንዲት ክፍል ውስጥ። ጠዋት ከአጥማጆቹ ቆሮሶ ትረከባለች፤ አንዳንድ ቀን አምባዛም ይኖራል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን አስቀምጬ ቢላ አነሳለሁ። ቅርፊቱን ከጭራው ወደ ራሱ እፍቃለሁ፣ ሆዱን ሰንጥቄ ዕቃውን አወጣለሁ፣ አጥቤ ጎንና ጎኑን በሰያፍ እበጣዋለሁ። ዘይቱ እስከ አጥንቱ እንዲዘልቅ መበጣቱ ግድ ነው። በስምንት ዓመቴ የጀመርኩትን ይህን ሥራ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም አልተውኩትም፤ ቅዳሜና እሑድ ቦታዬ እዚያው ነበር።

እጄ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ጤነኛ አልነበረም። በጣቶቼ መካከል ያለው ቆዳ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሎሚ ሲነካው እንባ እስኪመጣ ያቃጥላል። ቅባት እቀባና ዝም እላለሁ። የእማዬም እጅ እንደዚያው ስለነበር የዓሣ ሥራ እጅ እንዲህ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ያ ስንጥቅ ቆዳ የዚህ ሁሉ ታሪክ በር እንደነበር ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ወቅቱ ሁዳዴ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ፤ እኛ ቤት ግን ገበያው የሚደራው ያኔ ነው። መጥበሻው ላይ አጎንብሼ ሳገላብጥ ዓይኔ ማሳከክ ጀመረ። አፍንጫዬ ፈሰሰ። ከተጠበሰው ጭራ ቆርሼ ቀመስኩ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የላይኛው ከንፈሬ አብጦ አንገቴ ላይ እንደ ሳማ ያለ እብጠት ተዘረጋ።

«ምች ነው!» አለች እማዬ። «ስንት ቀን ነግሬሻለሁ፣ ልጄ፣ ከፀሐይ ገብተሽ እሳት ላይ አትጎንበሺ እያልኩ።» ከጓሮ ዳማከሴ ቆርጣ መጣች፤ በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ፊቴ ላይ ቀባችኝ፣ በቡናም ጠብ አድርጋ አጠጣችኝ። እብጠቱ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ጎደለ። በዳማከሴ እንደዳንኩ አመንን። ዛሬ ሳስበው የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው እብጠት ብዙ ጊዜ በራሱም ይጎድላልና። በሁለተኛው ጊዜ ድምፄ ሻከረ፣ ጉሮሮዬ ጠበበ። ጉሮሮ ሲጠብ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ራስ ሲያዞር የሚያስፈልገው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን እንጂ ቅጠል እንዳልሆነ ያን ጊዜ የሚነግረን ሰው አልነበረም። እግዚአብሔር አተረፈኝ።

ስሙን ወደማልጠራው አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ወሰዱ። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ በግራ በኩል የምግብ ስም፣ በቀኝ በኩል ቁጥር። ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ኦቾሎኒ፣ አኩሪ አተር፣ ስንዴ። ከሁሉም ፊት የመደመር ምልክት አለ። ወረቀቱን ያነበበልኝ ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ፕሮቲን አይስማማሽም፤ ከዛሬ ጀምሮ ተዪው» አለኝ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ምን በልቼ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ፣ የት አካባቢ እንዳበጠኝ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እኔም ተውኩ። ሽሮና ምስርን ጭምር፣ «እነሱም ፕሮቲን ናቸው» ተብዬ። ሰባት ወር በእንጀራ፣ በድንች፣ በጥቅል ጎመንና በሩዝ ኖርኩ። ከ58 ኪሎ ወደ 49 ወረድኩ። ፀጉሬ በማበጠሪያው ጥርስ እየተጠቀለለ ይወጣ ነበር። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። እማዬ ሳህኔን እያየች ፊቷን ታዞራለች፤ ሌላውን ሰው ሁሉ የምታበላ ሴት ልጇን የምታበላው አጣች።

በትምህርት ቤት ምግብን ገንቢ፣ ኃይል ሰጪና በሽታ ተከላካይ ብለን ከፍለን ነው የተማርነው። ያ አከፋፈል ፕሮቲን ማለት ሥጋ፣ እንቁላልና ባቄላ ብቻ እንደሆነ አድርጎ አእምሯችን ውስጥ ሳይቀርጽብን አልቀረም። የጤፍ ዱቄት በራሱ በ100 ግራም ውስጥ 12 ወይም 13 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ስለዚህ «ፕሮቲን ተዪ» የሚለው ትእዛዝ ቢፈጸም ኖሮ እንጀራም ባልበላሁ ነበር። ሕይወት ባለው ነገር ሁሉ ውስጥ ፕሮቲን አለ፤ ፕሮቲን በሙሉ የማይስማማው ሰው የለም። የማይስማማ ነገር ካለ አንድ የተወሰነ ፕሮቲን ነው፤ ከአንድ የተወሰነ ምግብ የሚመጣ፣ የራሱ ቅርጽ ያለው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.83 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል ይላል። ለ58 ኪሎዋ እኔ 48 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ 100 ግራም ጥሬ የቆሮሶ ሥጋ 20 ግራም፣ 100 ግራም ደረቅ ሽምብራም እንዲሁ 20 ግራም ያህል አለው። ሽሮ በእንጀራ የሚበላ ቤት ያን ያህል የራቀ አይደለም። እኔ ግን ሽሮውን ትቼ ነበር።

በስምንተኛው ወር አዲስ አበባ የምትኖር አክስቴ ለአንዲት ሐኪም ቀጠሮ አስያዘችልኝ። ዶክተሯ አስቀድማ በስልክ «የምትጠረጥሪውን ዓሣ ራሱን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። እማዬ አንድ ቁራጭ ጥሬ የቆሮሶ ፊሌቶ በበረዶ ከበበች፣ በሦስት ፌስታል ጠቀለለች፣ ለጉዞው ጸሎት አደረሰችልኝ። ጣና ያበቀለው ዓሣ በአውቶቡስ ዓባይን ተሻግሮ በሽታዬን ሊመሰክር ሄደ።

ያን ቀን የሆነውን በዝርዝር ልጻፈው፤ ምርመራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ስለሆነ። ዶክተሯ አስቀድማ ለአንድ ሰዓት ያህል ጠየቀችኝ። እንቁላል በልተሽ አሞሽ ያውቃል? አያውቅም። ወተት? ልጅ ሆኜ በየቀኑ እጠጣ ነበር። ኦቾሎኒ? ቆሎ ላይ ሁሌ አለ። «ታዲያ ለምን ተውሽው?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ «ልጅ ሆነሽ ሐይቁ ውስጥ ትዋኚ ነበር?» አለች። በጣና ዳር አድጎ ያልዋኘ ማን አለ? ሳቅ ብላ ሰገራ እንድመረምር አዘዘች። ቢልሃርዝያ ተገኘብኝ።

ከዚያ ክንዴን በብዕር ከፋፈለችው። በየክፍሉ አንዲት ጠብታ ታኖርና በቀጭን መርፌ ጫፍ ቆዳውን ነካ ታደርጋለች፤ ደም አይወጣም። ለዓሣው ግን መርፌዋን መጀመሪያ እማዬ የላከችው ፊሌቶ ላይ ወጋች፣ ቀጥላ በዚያው ጫፍ ክንዴን። በሩብ ሰዓት ውስጥ የዓሣው ቦታ ነጭ ሆኖ አበጠ፤ ዙሪያው ቀላ፤ ማሳከኩ አላስቀምጥ አለኝ። በማስመሪያ ለካችው፤ 9 ሚሊ ሜትር። 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያበጠ ትርጉም አለው ይባላል። እንቁላሉ ልክ 3 ላይ ቆመ። የቀሩት ምንም አላሳዩም።

«እንቁላሉንስ?» አልኳት።

«እሱን ሰውነትሽ መዝግቦታል፤ አልተቆጣበትም» አለችኝ። «መመዝገብ ሌላ፣ መቆጣት ሌላ።»

ይህን ቃል ብዙ አስቤበታለሁ። ሰውነት ከአንድ ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ፣ በጠላትነት ከጠረጠረው፣ ለእሱ ብቻ የተቀረጸ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ ስሙ ኢሚኖግሎቡሊን ኢ ይባላል። ይህ አካል፣ ሂስታሚን የሚባል ማሳከክና እብጠት የሚያመጣ ንጥረ ነገር በተሞሉ የቆዳና የጉሮሮ ሕዋሳት ላይ ተተክሎ ይጠብቃል። መመዝገብ ማለት ይኸው ነው፤ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ያው ፕሮቲን ዳግም መጥቶ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት አካላትን አንድ ላይ ሲያያይዝ ሕዋሱ ሂስታሚኑን ይለቅቃል፤ እብጠቱ፣ ማሳከኩ፣ የትንፋሽ ማጠሩ በደቂቃዎች ይመጣል። መቆጣት፣ አለርጂ የሚባለው፣ ይህ ነው። የደም ምርመራው የሚያየው መዝገቡን ብቻ ነው። ዘመዶቻችን ሁሉ መዝገባቸው ቢታይ ስንቱ እንቁላል በጤና እየበላ ስሙ እዚያ ተጽፎ እንደሚገኝ መገመት አይከብድም።

የሐይቁ ጥያቄም የመጣው ከዚሁ ነው። ያ ኢሚኖግሎቡሊን ኢ የሚባለው አካል ጥገኛ ትሎችንም ይዋጋል። ቢልሃርዝያ ወይም መንጠቆ ትል ያለበት ሰው ጠቅላላ መጠኑ ከፍ ይልበታል፤ ያኔ ወረቀቱ ላይ እዚህም እዚያም ትናንሽ የመደመር ምልክቶች ይበቅላሉ። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተደረገ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በገጠሩ አስም ከከተማው በእጅጉ ያነሰ መሆኑን አሳይቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እዚያው የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ የመንጠቆ ትል የበዛባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የማለቱ ነገር ያነሰ መሆኑን አገኘ። የእኛ አገር ሰው መዝገቡ በሌላ ቀለም ነው የተጻፈው። በሌላ አገር ሰው ልክ የተሰፋ ንባብ እኛ ላይ እንዳለ ሲጫን ሰው ከገበታው ይፈናቀላል። እኔ ተፈናቅዬ ስለነበር ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው።

እንቁላሉን እዚያው፣ ዓይኗ እያየ፣ ሞከርነው። መጀመሪያ የአተር ፍሬ የምታህል የተቀቀለ፣ ግማሽ ሰዓት ጥበቃ፣ እጥፉን፣ እንደገና ጥበቃ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሉ እንቁላል በጨውና በሚጥሚጣ በልቼ ጨረስኩ። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። እንዲህ ያለውን ሙከራ ማንም ቤቱ ውስጥ ብቻውን አያድርገው፤ አድሬናሊን ያዘጋጀ ሐኪም አጠገብ መኖር አለበት። ዓሣውን ግን አልሞከርነውም። የደረሰብኝና ክንዴ ላይ ያበጠው አንድ ቃል ተናግረዋል።

ስለ ዓሣ አለርጂ ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካኝ የ1921 እ.ኤ.አ. ታሪክ ነው። ብሬስላው በተባለች ከተማ ሃይንዝ ኪውስትነር የሚባል ሐኪም ዓሣ በበላ ቁጥር ይታመም ነበር፤ ያውም የበሰለ ዓሣ። ባልደረባው ካርል ፕራውስኒትዝ የኪውስትነርን የደም ውኃ ወስዶ በገዛ ቆዳው ሥር ወጋ። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ የዓሣ ጭማቂ ሲወጋበት፣ ዓሣ በልቶ ታሞ የማያውቀው የፕራውስኒትዝ ቆዳ አበጠ። በሽታው ያለው ደም ውስጥ በሚዞር አንድ ነገር ላይ እንደሆነ በዚህ ታወቀ። የዚያን ነገር ማንነት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ የተባሉ ባልና ሚስት በአሜሪካ፣ ዮሃንሰንና ቤኒች ደግሞ በስዊድን እስኪደርሱበት ከ40 ዓመት በላይ አለፈ። ለዓለም ይህን ምስጢር የከፈተው የዓሣ ቁራጭ ነበር፤ የዓሣ ሻጭ ልጅ ሆኜ ይህን ሳነብ በሽታዬ ትንሽ ቀለለኝ።

የዓሣው ጥፋተኛ ፓርቫልቡሚን የሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ነው። ትንሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፤ መፍላትም መጠበስም አያፈርሰውም፤ በእንፋሎትም ይነሳል። በአብዛኛው ዓሣ ውስጥ ቅርጹ ስለሚመሳሰል ከቆሮሶ የሸሸ ሰው ወደ አምባዛ ቢዞር አያመልጥም። በልጅነት ብቻ ሳይሆን በጉልምስናም ሊጀምር ይችላል፤ ከጀመረም ብዙውን ጊዜ አይለቅም።

ታዲያ እንዴት ያዘኝ? በልጅነቴ ስበላው የኖርኩት ነገር? ተመራማሪዎች ከብዙ ዓመት ወዲህ የሚያቀርቡት አንድ ሐሳብ አለ። ምግብ በአፍ፣ በአንጀት በኩል ሲገባ ሰውነት መታገሥን ይማራል፤ በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ሲገባ ግን እንደ ወራሪ ይመዘግበዋል። በእንግሊዝ ተደርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው፣ 640 ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት የመጀመሪያውን ግማሽ አጥብቆ ይደግፋል፤ ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት ገና በመጀመሪያ ዓመታቸው ኦቾሎኒ እየበሉ ሲያድጉ የኦቾሎኒ አለርጂያቸው በ80 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ እጄ ነው። በዓመታት ውስጥ የዓሣው ውኃ በየስንጥቁ ሲሰርግ የነበረው ያ እጅ። በዓሣ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች በእጃቸውና በሚተነፍሱት እንፋሎት የተነሳ አለርጂ እንደሚይዛቸው በብዙ አገር ታይቷል። በጣና ዳር እጇን ውኃ ውስጥ ነክራ የምትውል ዓሣ ፋቂ ሁሉ ጓንትና ቅባት ይገባታል እላለሁ፤ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን እኔን የእናቴን ሙያ አስተወኝ።

ፕሮቲን አብዝቶ መብላት ወጣቱን ለአለርጂ ያጋልጠዋል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። በተለይ ወንድሜና ጓደኞቹ ጂም ከጀመሩ ወዲህ። እኔ ከግራሙ ይልቅ መንገዱ ያሳስበኛል። ለአንድ ጊዜ ሰዎችን ጠይቆ፣ ደማቸውን መርምሮ፣ «ፕሮቲን የሚበዛላቸው እንዲህ ሆኑ» የሚል ጥናት እኔን ቢያገኘኝ ኖሮ ምን ይጽፍ ነበር? መዝገቧ የሞላ፣ ፕሮቲን የማትበላ ሴት። ፕሮቲን ማነስ አለርጂ ያመጣል ይል ይሆናል። የተውኩት ግን ወረቀቱን ካየሁ በኋላ ነው። የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ያላየ ቁጥር ሰውን ያሳስታል።

ወንድሜ ከጂም ሲመለስ አራት ጥሬ እንቁላል ሰብሮ ይጠጣል። ጨጓራዬን ይለኛል፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ይውጣል፤ ስንት ወር እንደዋጠው ራሱም አያውቅም። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ስላስፈሩኝ አስቀምጬ አስረዳሁት። የጨጓራ አሲድና ፔፕሲን የሚባለው የጨጓራ ኢንዛይም ፕሮቲንን የሚከታትፉ ቢላዎች ናቸው። ሁለት ፀረ እንግዳ አካል ማያያዝ እስከማይችል ድረስ የደቀቀ ቁራጭ ማንንም አያስቆጣም። አሲዱ ሲቀንስ ፕሮቲኑ እንዳለ ወደ አንጀት ይወርዳል። በ2005 እ.ኤ.አ. ከቪየና የወጣ ጥናት ለሦስት ወር አሲድ ቀናሽ መድኃኒት የወሰዱ 152 አዋቂዎችን ተከታትሎ፣ ከአራቱ አንዱ ገደማ ለምግብ አዲስ ምዝገባ ወይም የነበረው መጨመር እንደታየበት አግኝቷል። ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ ያዘዘውን መድኃኒት አቋርጥ አላልኩትም። ሳይታዘዝ ለወራት መዋጡን ግን ተው አልኩት። ጥሬ እንቁላሉንም እንዲሁ፤ የበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉ ሲፈጭ ከጥሬው የሚፈጨው ግማሽ ያህሉ ነው። ጉልበት ብሎ የሚጠጣውን ግማሹን ይጥለዋል ማለት ነው። ይህኛው ነጥብ ከበሽታው ወሬ ሁሉ ይልቅ ሰማው።

በዱቤ ሊገዛ ያሰበውን የፕሮቲን ዱቄትም አነሳን። ያ ዱቄት የወተት ፕሮቲን ነው፤ ወተት የሚያስቆጣው ሰው በአንድ ማንኪያ ሊወድቅበት ይችላል። ወንድሜ ወተት አያስቆጣውም፣ ገንዘቡ ነው የሚያስቆጣኝ። «ግብጦ ብላ» አልኩት። ጎጃም ውስጥ በግብጦ ያላደገ የለም። እማዬ በጆንያ አስራ ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ትዘፈዝፈዋለች፣ መራራው እስኪለቅ፤ ቆልታ ስታቀርበው ከባቄላ የበለጠ ፕሮቲን አለው፣ ከሲሶ በላዩ ፕሮቲን ነው። ግብጦ ራሱ ግን በአውሮፓ ማሸጊያ ላይ የግድ እንዲጻፉ ከተደነገጉት 14 የአለርጂ ምግቦች አንዱ ነው፤ ፕሮቲኑ የኦቾሎኒን ስለሚመስል ኦቾሎኒ የሚያስቆጣው ሰው ሊጠነቀቀው ይገባል። ገበያችን ላይ በስኒ እየተሰፈረ የሚሸጠው ግብጦ ምንም አልተጻፈበትም። የሚጽፍለት ካለ ጎረቤት ለጎረቤት ነው።

አሁን 57 ኪሎ ሆኛለሁ። ቢልሃርዝያው በፕራዚኳንቴል ታከመ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ ተመልሰዋል። ዓሣ አልበላም፤ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማ በሚነፍስበት ሰዓት ከእማዬ መጥበሻ በላይኛው በኩል፣ ሐይቁን ይዤ፣ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። እዚያ ሆኜ ሒሳብ እጽፍላታለሁ።

ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት ራሱ እንደሚያስቆጣኝ ስነግራት ለአንድ ሳምንት ዝም አለች። ከዚያ ከግሽ ዓባይ ገበያ አንዲት ትንሽ መጥበሻ ገዝታ መጣች፣ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር አሰረች፣ ከሌሎቹ ለይታ ግድግዳው ላይ ሰቀለቻት። ማለዳ፣ የመጀመሪያው ቆሮሶ ሳይመጣ፣ በእሷ ሁለት እንቁላል በሽንኩርትና በቃሪያ ትጠብስልኛለች። ባለፈው አንድ ደንበኛ ቸኩሎ ያችን መጥበሻ ሊያወርድላት እጁን ሲዘረጋ ከምድጃው ተነስታ ስትሮጥ አየኋት። «እሷን አይንኩብኝ ጋሼ» አለችው፣ «እሷ የልጄ ናት።»